የዘማች ልጅ መብት ከየትኛው ክፍል ይጀምራል? ከአዋሽ እስከ ሰመራ ያልተከፈለ ዕዳ



በአፋር ክልል በአንዲት የአዋሽ ዳር ከተማ መምህር በነበርንበት ጊዜ በየዓመቱ መስከረም የተማሪዎች መመዝገቢያ ቅጽ እንሞላ ነበር። በቅጹ ላይ «የአባት ሥራ» የሚል ቦታ አለ። የወታደር ልጆች ሳያመነቱ «መከላከያ» ይላሉ። ከጦርነቱ በኋላ ግን ከሰሜን ተፈናቅለው ወደ ዘመድ የተጠጉ ልጆች መምጣት ሲጀምሩ እዚያ ቦታ ላይ ምን እንደምንጽፍ ቸገረን። አንዱ ልጅ አባቱ ጠመንጃውን አንግቦ ከጎሳው ሰዎች ጋር እንደወጣና እንዳልተመለሰ ነገረን። ወታደር ነበር? አልነበረም። ፖሊስ? አይደለም። ደመወዝ ነበረው? አልነበረውም። በመጨረሻ «አርብቶ አደር፣ በሕይወት የለም» ብለን ጻፍን።

የጻፍነው ውሸት አልነበረም፤ እውነቱን ግን አልያዘም። ያ ሰው የሞተው አገር ሲጠብቅ ነው። ወረቀቱ ግን ከብት ጠባቂነቱን ብቻ መዘገበ። ያኔ ለእኛ አንድ መስመር የመሙላት ጉዳይ ነበር። ዛሬ ሲታሰብ ግን የዚያ ልጅ መብት የጠፋው እዚያች መስመር ላይ ነው። ምክንያቱም በአገራችን ለዘማችና ለቤተሰቡ የሚሰጥ ማንኛውም ጥቅም፣ የትምህርት ጥቅምም ጭምር፣ የሚከተለው ወረቀትን ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምናነሳው ጥያቄ ቀላል ይመስላል፦ ለአገር የተዋጋ ሰውና ልጆቹ በትምህርት በኩል ምን ይገባቸዋል? ከየትኛው ክፍልስ ይጀምራል? መልሱን ለመፈለግ ከአዋሽ እስከ ሰመራ ባለው መንገድ እንሂድ።

ሁለት ከተሞች፣ አንድ መንገድ

አዋሽ ሰባት ኪሎና ሰመራ የሚገኙት በአንድ መንገድ ላይ ነው። አብዛኛው የአገሪቱ የገቢና ወጪ ንግድ የሚያልፈው በዚህ ከጅቡቲ በሚመጣው መስመር ነው። አዋሽ በባቡር ሐዲድ ምክንያት የተቆረቆረች፣ ከየአቅጣጫው የመጣ ሰው የሚኖርባት ከተማ ናት። ከእሷ ብዙም ሳይርቅ አዋሽ አርባ ላይ ወታደራዊ ማሠልጠኛ አለ። ስለዚህ በከተማዋና በአካባቢዋ የወታደር ቤተሰብ ብዙ ነው። ሰመራ ደግሞ ከአይሳኢታ ቀጥላ የክልሉ ዋና ከተማ የሆነች አዲስ ከተማ ናት። የክልሉ ቢሮዎችም ከ2000 ዓ.ም ጀምሮ ሲያስተምር የቆየው ሰመራ ዩኒቨርሲቲም ያሉት እዚያ ነው።

በእነዚህ ከተሞች ሁለት ዓይነት የዘማች ቤተሰቦች እናገኛለን። አንደኛው የመደበኛው ሠራዊት ቤተሰብ ነው። መታወቂያ፣ የደመወዝ መዝገብ፣ የጡረታ መለያ ቁጥር አለው። ሁለተኛው በ2013 እና በ2014 ዓ.ም ጦርነቱ ወደ አፋር ሲገባ በሚሊሻነት ወይም በጎሳ ጥሪ የወጣው ሰው ቤተሰብ ነው። የዚህኛው ቤተሰብ ማስረጃ የሰው ምስክር ብቻ ነው።

ጦርነቱ በፈንቲ ረሱ በኩል ሲገባ መጀመሪያ ከተመቱት ቦታዎች መካከል ያሎና ጎሊና ይገኙበታል። ሐምሌ 29 ቀን 2013 ዓ.ም ጋሊኮማ ላይ በጤና ተቋምና በትምህርት ቤት ተጠልለው የነበሩ ተፈናቃዮች ተገደሉ። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት ዩኒሴፍ ከ100 በላይ ሕፃናት መሞታቸውን የሚገልጹ ሪፖርቶች እንደደረሱት በወቅቱ አስታውቋል። ትምህርት ቤቱ መማሪያ መሆኑ ቀርቶ መጠለያ፣ ከዚያም መቃብር ሆነ። ቀጥሎ ጭፍራ ተያዘች፤ ኅዳር 2014 ዓ.ም በካሳጊታ ከባድ ውጊያ ተካሄደ። በዚያው ዓመት አጋማሽ ጦርነቱ በክልበቲ ረሱ በኩል አብአላን፣ በርሃሌንና መጋሌን አዳረሰ። ከ300,000 በላይ ሰው ተፈናቀለ። በዚህ ሁሉ መሀል ግን ወደ ሚሌ የሚወስደው መንገድ አልተቆረጠም። ሚሌ ብትያዝ ኖሮ የጅቡቲ መስመር ይዘጋ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ ዳቦና ነዳጅ የገዛ ሁሉ የዚያ መንገድ ተጠቃሚ ነበር፤ ተከላካዮቹ ውስጥ ደግሞ ደመወዝ የማያውቁ አርብቶ አደሮች ነበሩ። ስለዚህ ዕዳው የአፋር ክልል ብቻ ሳይሆን የአገር ነው።

ሕጉ የሚያየውና የማያየው

በአገራችን ለወታደር ቤተሰብ በሕግ የጸና ጥቅም የሚመነጨው በዋናነት ከጡረታ ሕግ ነው። የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ ቁጥር 714/2003፣ በኋላም የተተካው አዋጅ ቁጥር 1267/2014 የመከላከያና የፖሊስ አባላትን ያካትታል። ሲሠራበት በኖረው ደንብ አባል ሲሞት ሚስት ከጡረታው 50 በመቶ፣ እያንዳንዱ ልጅ 20 በመቶ ያገኛል። የልጅ ድርሻ በመደበኛው የሚከፈለው 18 ዓመት እስኪሞላ ነው።

ሁለት ነገሮችን ልብ እንበል። አንደኛ፣ ይህ ሕግ የሚሠራው ደመወዝ ላለውና የጡረታ መዋጮ ለተቆረጠለት ሰው ነው። ሚሊሻው ደመወዝ ስለሌለው መዋጮ የለውም፤ መዋጮ ከሌለ ደግሞ ለልጁ የሚተርፍ ጡረታ የለም። ሁለተኛ፣ 18 ዓመት የሚለው ጣሪያ የተሰላው በሰባት ዓመቱ አንደኛ ክፍል ለሚገባ የከተማ ልጅ ነው። በአርብቶ አደር አካባቢ ግን በ9 ወይም በ10 ዓመት አንደኛ ክፍል መጀመር የተለመደ ነው። እንዲህ የጀመረ ልጅ 18 ሲሞላው ዘጠነኛ ወይም አሥረኛ ክፍል ላይ ነው። ጦርነቱ ሁለት ዓመት ከቀማው ደግሞ ሰባተኛ ወይም ስምንተኛ። ስለዚህ ወረቀት ላለው የአዋሽ ቤተሰብ እንኳ ድጋፉ የሚቆመው ልጁ አጥብቆ በሚፈልገው ጊዜ ሊሆን ይችላል።

መጋቢት 2015 ዓ.ም የክልል ልዩ ኃይሎች እንዲበተኑ ሲወሰን አባላቱ ወደ መከላከያ፣ ወደ ፌዴራል ፖሊስ ወይም ወደ ክልል ፖሊስ እንዲገቡ አማራጭ ተሰጣቸው። ይህ ቢያንስ በሕይወት ላሉት መዝገብ ፈጠረላቸው። ከፕሪቶሪያው ስምምነት በኋላ የተቋቋመው የብሔራዊ ተሐድሶ ኮሚሽን ደግሞ ከ370,000 በላይ የቀድሞ ተዋጊዎችን ትጥቅ አስፈትቶ ወደ ሰላማዊ ሕይወት የመመለስ ዕቅድ ይዞ ኅዳር 2017 ዓ.ም በመቀሌ ሥራውን ጀምሯል። ይህ መልካም ነው፤ ሥልጠናና መቋቋሚያ የሚያገኝ እያንዳንዱ ወጣት ለሁላችንም ሰላም ነው። ነገር ግን የዚህ መርሐ ግብር መግቢያ በር ትጥቅ መፍታት ነው። ከጦርነቱ በፊትም ጠመንጃ የነበረው፣ ጦርነቱ ሲያበቃም ካለ ምንም ሥነ ሥርዓት ወደ ግመሎቹ የተመለሰው የአፋር አርብቶ አደር በዚህ በር አይገባም። የሞተውማ በየትኛውም በር አይገባም።

በ2014 ዓ.ም የሆነ አንድ ነገር ይህን ክፍተት በደንብ ያሳያል። በዚያ ዓመት ኅዳር መጨረሻ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ለአንድ ሳምንት ተዘግተው ተማሪዎች የዘማች ቤተሰቦችን ሰብል እንዲሰበስቡ ተደርጎ ነበር። ሐሳቡ ያማረ ነበር። የአፋር ዘማች ግን የሚታጨድ ሰብል የለውም። የእሱ ቤተሰብ ችግር ከብቱን የሚያግድ ሰው ማጣት ነው። አባት ሲሄድ በእረኝነት የሚተካው ልጅ ነው፤ ልጁ ከብት ሲከተል ትምህርት ቤቱን ይተዋል። ለደጋው ዘማች ትምህርት ቤት ተዘግቶ ሰብሉ ተሰበሰበለት፤ ለቆላው ዘማች ልጅ ግን ትምህርት ቤቱ ራሱ እንደተዘጋ ቀረ። ማንም በክፋት አላደረገውም። ዕቅድ አውጪው በዓይነ ሕሊናው የነበረው ዘማች ገበሬ ስለነበረ ብቻ ነው።

ከታሪክ የምንማረው

ይህ ጥያቄ ለአገራችን አዲስ አይደለም። ደርግ በ1975 ዓ.ም የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ሲያወጣ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያሉ ወንዶችን ለሥልጠናና ለአገልግሎት ጠርቶ ከዚያ በኋላ እስከ 50 ዓመት በተጠባባቂነት ያዛቸው። የሶማሊያ ጦርነት ላስቀራቸው ወላጅ አልባ ልጆች ደግሞ አላጌ ላይ የሕፃናት አምባ ተቋቋመ። መንግሥት የሟች ልጅን ከምግቡ እስከ ትምህርቱ ድረስ ተረክቦ ያሳደገበት ቦታ ነበር። ሥርዓቱ ሲወድቅ ግን አምባው እንደ ነበረ አልቀጠለም፤ ግቢውም በኋላ የግብርና ኮሌጅ ሆነ። ከዚህ የምንማረው፣ በአንድ መንግሥት በጎ ፈቃድ ላይ የቆመ ጥቅም ያ መንግሥት ሲሄድ አብሮ እንደሚሄድ ነው።

በ1983 ዓ.ም ወደ 455,000 የሚጠጉ የደርግ ሠራዊት አባላት ሲበተኑ ለመልሶ ማቋቋሙ ኮሚሽን ተቋቁሞ ነበር። በገጠር ዘርና በሬ፣ በከተማ ሥልጠናና ወደ ትምህርት መመለስ ተሞከረ። ከኤርትራ ጋር ከተደረገው ጦርነት በኋላም ወደ 148,000 የሚጠጉ ወታደሮች በዓለም ባንክ ድጋፍ ተሰናበቱ። የዚያ ጦርነት አንዱ ግንባር አፋር ውስጥ ያለው ቡሬ ነበር። በሁለቱም ጊዜ ሥራው የተመራው በሠራዊቱ ስም ዝርዝር ነው።

ከአገር ውጭ በብዛት የሚጠቀሰው አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1944 ያወጣችው የተመላሽ ወታደሮች ሕግ ነው። በዚህ ሕግ 2.2 ሚሊዮን ያህል ተመላሾች ኮሌጅ ገቡ። ብዙ ጊዜ የማይነገረው ግን ከዚህ በእጥፍ የሚበልጡት፣ 5.6 ሚሊዮን ያህሉ፣ የሄዱት ወደ ሙያና ሌላ ሥልጠና መሆኑ ነው። ሌላም የማይነገር አለ። ሕጉ በወረቀት ላይ ጥቁርና ነጭን አይለይም ነበር፤ አፈጻጸሙ ግን ለአካባቢ መሥሪያ ቤቶችና ለየኮሌጆቹ ስለተተወ በደቡብ ግዛቶች የነበሩ ጥቁር ተመላሾች አብዛኛውን ጥቅም አላገኙም። አንድ ዓይነት ጦርነት ተዋግተው የተለያየ ልጅ አሳደጉ። አንድ መብት የሚለካው በአዋጁ ቃል ሳይሆን የመጨረሻው የወረዳ ጠረጴዛ ላይ በሚሆነው ነው።

በሩ ያለው የት ነው?

ስለ ዘማች ልጆች ትምህርት ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ነፃ የኮሌጅ ዕድል፣ የመግቢያ ነጥብ ቅናሽ፣ የወጪ መጋራት ምሕረት። እነዚህ ሁሉ ጥሩ ናቸው። ግን ቁጥሩን እንይ። በአገር አቀፍ ደረጃ የ12ኛ ክፍል ፈተና ወስደው ከግማሽ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም 8.4 በመቶ ናቸው። ይህ ፈተናው ድረስ ከደረሱት ውስጥ ነው። ትምህርት ቤቱ የተቃጠለበት፣ በመጠለያ ሁለት ዓመት ያሳለፈ፣ አባቱን ተክቶ ከብት የሚጠብቅ ልጅ ፈተናው ድረስ መቼ ደረሰ? ለእሱ የዩኒቨርሲቲ ዕድል መስጠት ጉድጓድ ውስጥ ላለ ሰው ከሰገነት ላይ እጅ እንደመዘርጋት ነው።

እዚህ ላይ የኻሊፋ ዑመር ኢብኑል ኸጧብን (ረ.ዐ) ታሪክ ማስታወስ ይገባል። ዑመር የሙጃሂዶችንና የቤተሰቦቻቸውን ስም በመዝገብ አስፍረው ቋሚ ድርጎ የቆረጡ መሪ ነበሩ። መጀመሪያ ላይ የሕፃናት ድርጎ የሚጀምረው ሕፃኑ ጡት ሲጥል ነበር። የታሪክ ጸሐፊው ኢብን ሰዕድ እንደዘገበው አንድ ሌሊት ከመዲና ውጭ ያረፉ ነጋዴዎችን ለመጠበቅ ከዐብዱረሕማን ኢብን ዐውፍ (ረ.ዐ) ጋር ወጡ። አንድ ሕፃን ሲያለቅስ ሰሙ። እናቱን ልጇን እንድታባብል መከሯት። ሲመለሱም ያለቅሳል፤ ሌሊቱ ሊያልቅ ሲልም ያለቅሳል። ምክንያቱን ሲጠይቋት፣ ማን እንደሆኑ ሳታውቅ፣ ዑመር ድርጎ የሚሰጠው ጡት ለጣለ ልጅ ብቻ ስለሆነ ልጇን ያለ ጊዜው ጡት እያስጣለች እንደሆነ ነገረቻቸው። ዑመር የፈጅርን ሰላት ከለቅሶ ብዛት ቂርኣታቸው ሳይለይ አሰገዱ። ከዚያም ድርጎው ልጁ ከተወለደበት ቀን እንዲጀምር አስነገሩ።

ዑመር ያስተዋሉት፣ ድጋፍ የሚጀምርበት ነጥብ ራሱ የሰውን ሕይወት እንደሚቀርጽ ነው። ጥቅሙ ዘግይቶ ከጀመረ ሕፃኑ ዋጋ ይከፍላል። ስህተታቸውን ሲያውቁ እናቲቱን አልወቀሱም፤ ደንቡን ቀየሩ። የእኛም ጥያቄ ይኸው ነው። የዘማች ልጅ ድጋፍ ከ12ኛ ክፍል በኋላ ሳይሆን ከአንደኛ ክፍል፣ ከተቻለም ከዚያ በፊት ይጀምር። መልኩም የአካባቢውን ኑሮ ይምሰል፦ የትምህርት ቤት ምገባ፣ ለወንዶችም ለሴቶችም የተለየ አዳሪ ቤት፣ ዕድሜው ለገፋ ልጅ የተፋጠነ የማካካሻ ክፍል፣ እረኛ ላጣ ቤተሰብ የልጁን ጉልበት የሚተካ መጠነኛ የወር ድጎማ። ማብቂያውም 18 ዓመት ሳይሆን ሁለተኛ ደረጃን ወይም የሙያ ሥልጠናን መጨረስ ይሁን።

ስለ ሴት ልጆች አንድ ቃል እንጨምር። አባት ሲሞት ቀድማ ከትምህርት የምትቀረው ሴት ልጅ ናት፤ ከውኃና ከእንጨት ቀጥሎ የሚጠብቃት ያለ ዕድሜ ጋብቻ ነው። አዳሪ ቤቱ እናቶች የሚያምኗት ሴት ኃላፊ፣ አጥር፣ ሐላል ምግብና የመስገጃ ቦታ ከሌለው ማንም ልጁን አይልክም። ይህን ያልነው አስተምረን ያየነውን ነው።

ወረቀት ለሌለው ምስክር አለው

«ማን እንደተዋጋ በምን እናውቃለን?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። መልሱ ግን አፋር ውስጥ ከየትኛውም ቦታ ይልቅ ቀላል ነው። አፋር ዳጉ አለው። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ዝናብ የት ዘነበ ተባብለው ሳይጨርሱ አይለያዩም፤ በዳጉ መዋሸትም ነውር ነው። ማን የት እንደወደቀ ጎሳው ያውቃል። በመደዓ የሚዳኙ ሽማግሌዎች አሉ፤ በፊዕማ አብሮ ያደገው እኩያው አብሮት ወጥቶ ያለ እሱ ተመልሷል። ማስረጃው አለ፤ ያልተገኘው ተቀብሎ በማኅተም የሚያጸድቀው ነው።

ለዚህም መሣሪያው በእጃችን ነው። በክልሉ የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች አሉ። የሟችን መሞትና ወራሾቹን በምስክር አረጋግጠው ውሳኔ መስጠት የዘወትር ሥራቸው ነው። የሚሊሻው ሚስት ሁለት ታማኝ ምስክሮች አቅርባ ባሏ እንደሞተና ልጆቹ እነማን እንደሆኑ በሸሪዓ ፍርድ ቤት ብታስመሰክር፣ ወረዳው ደግሞ የሞተው በግንባር መሆኑን ከጎሳ መሪዎችና ከወቅቱ አዛዦች ጋር አመሳክሮ ቢያያይዝ፣ ያ ሰነድ የዘማች ቤተሰብ ማስረጃ ሆኖ የማይቆጠርበት ምክንያት የለም። የጎደለው ይህን ሰነድ የሚቀበል አንድ መመሪያ ነው።

የማጭበርበር ስጋት ይነሳል። መፍትሔው ዝርዝሩን መደበቅ ሳይሆን በገበያና በመስጊድ በግልጽ ማንበብ ነው። ጎረቤት ጎሳ እየሰማ በሐሰት «ልጃችን ሞተ» የሚል የለም። «ይህ ጦርነትን መሸለም ነው» የሚልም ይኖራል። እኛ ግን ተቃራኒውን እናያለን። ትምህርት ያጣ የዘማች ልጅ በእጁ የሚቀረው የአባቱ ጠመንጃ ነው። «ገንዘብ የለም» ለሚለውም አጭር መልስ አለን፦ ሰዎቹ ሲጠሩ በጀት አልተጠየቀም ነበር።

ይህ ጉዳይ ጊዜ የማይሰጥ የሆነበትም ምክንያት አለ። በ2013 ዓ.ም የሰባት ዓመት ልጅ የነበረ በ2018 ዓ.ም 12 ዓመት ይሞላዋል፤ የአሥር ዓመት ልጅ የነበረው ደግሞ 15። ከዚህ በኋላ አንደኛ ክፍል አይገባም። በዚህ ላይ የመሬት መንቀጥቀጡ በ2017 ዓ.ም አዋሽ ፈንታሌና ዱለቻ አካባቢ ቤተሰቦችን ዳግም አፈናቅሏል። ጥቅምት 2018 ዓ.ም መጨረሻ ደግሞ የክልሉ መንግሥት መጋሌ ወረዳ ላይ ጥቃት ተፈጽሞብኛል ሲል መግለጫ አውጥቷል። አላህ ይጠብቀንና ዳግም ጥሪ ቢመጣ የሚጠሩት እነዚያው ሰዎች ናቸው፤ የፊተኛው ዕዳቸው ሳይከፈል።

መብት እንጂ ምጽዋት አይደለም

ከኡሑድ ዘመቻ በኋላ የሆነውን እናስታውስ። ሰዕድ ኢብኑ ረቢዕ (ረ.ዐ) በኡሑድ ሸሂድ ሆኑ። ሚስታቸው ሁለት ሴት ልጆቻቸውን ይዛ ነቢዩ (ሶ.ዐ.ወ) ዘንድ ቀረበች። አጎታቸው ንብረቱን ሁሉ እንደወሰደና ልጆቹ ያለ ምንም እንደቀሩ ተናገረች። መልሱ የአንድ ቀን እርዳታ አልነበረም። የውርስ አንቀጽ ወረደ፤ የልጆቹም፣ የእናቲቱም ድርሻ በክፍልፋይ ተለይቶ ታወቀ። አንዲት የሸሂድ ሚስት ያነሳችው አቤቱታ እስከ ቂያማ የሚሠራ ሕግ ሆነ። እስልምና ለወደቀ ሰው ቤተሰብ የሰጠው መልስ በቁጥር የተለካ ሐቅ ነው። የአፋር እናቶችም የሚጠይቁት ይህንኑ ነው።

ሆኖም ዕዳው የመንግሥት ነው ብለን እጃችንን አጣጥፈን መቀመጥ አይገባንም። የቲምን ማሳደግ ነቢዩ (ሶ.ዐ.ወ) በጀነት ከእሳቸው ጋር የመጎራበት ደረጃ የሰጡት ሥራ ነው። በአፋር በስፋት በሚታወቀው በሻፊዒይ መዝሀብ፣ እንደ ኢማም ነወዊ ያሉ ዑለማዎች ሠርቶ መኖር የሚችል ቢሆንም ዒልም በመፈለግ የተጠመደና ሥራ ከዒልሙ የሚያቋርጠው ሰው ዘካ ሊሰጠው እንደሚችል ገልጸዋል። እነሱ የተናገሩት ስለ ሸሪዓ ዒልም ነው፤ በዘመናችን ያሉ በርካታ ዑለማዎች ለኡማው ጠቃሚ የሆነውን ትምህርት በዚህ ውስጥ አካተውታል። የቲም የሆነው የዘማች ልጅ ደግሞ ድሃ ስለሆነ ብቻም ይገባዋል። አንድ መስጊድ አምስት ልጆችን ለደብተር፣ ለልብስና ለምግብ ቢይዝ፣ በአዋሽና በሰመራ ያሉ ነጋዴዎች ከኪራይ ገቢው ለአዳሪ ቤት የሚውል አንድ ወቅፍ ቢያቆሙ፣ መድረሳዎች ከዐስር በኋላ ለዘገዩ ልጆች የማካካሻ ሒሳብና ንባብ ቢያስተምሩ ብዙ ይሠራል። በአዋጅ ቁጥር 1207/2012 ሕጋዊ ሰውነት ያገኘው መጅሊስም ከክልሉ ትምህርት ቢሮ ጋር ተነጋግሮ ይህን ማስተባበር ይችላል። አንድ አደራ ብቻ፦ ልጆቹን ለፎቶ አሰልፈን ድህነታቸውን አናሳይባቸው።

ደግሞም የቲም የቲም ነው። አብአላ ውስጥ ከጦርነቱ በፊት የአፋርና የትግራይ ልጆች በአንድ ገበያ ያደጉ ናቸው። በዚያኛው ወገን አባቷን ያጣች ልጅም ጦርነቱን አልመረጠችም። ፍትሕ ከጠየቅን ለሁሉም ልጅ እንጠይቅ።

ዑመር (ረ.ዐ) የተሳሳተው ደንብ መሆኑን ያወቁት በሌሊት ወጥተው የልጅ ለቅሶ ስለሰሙ ነው። በየወረዳው ቅጹን የሚሞሉት መምህራንና ጸሐፊዎች ይህን ለቅሶ በየመስከረሙ ይሰማሉ፤ እኛም ሰምተን አልፈነዋል። ያ ልጅ ዛሬ የት እንዳለ አናውቅም። ሌላው ልጅ በሚመጣው መስከረም ሲመዘገብ ግን «የአባት ሥራ» በሚለው ቦታ ላይ እውነቱ ይጻፍለት፤ የተጻፈው እውነትም ምሳና መማሪያ፣ ማደሪያና ደብተር ይምጣለት።

አላህ (ሱ.ወ) የወደቁትን ይቀበል፣ የቲሞቻቸውን ይጠብቅ፣ ሐቃቸውን የምንወጣ ያድርገን። ወላሁ አዕለም።